ስቱኮ የሞላሁት ማዕዘን

አታምኑኝም፤ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔ ራሴ «ሂድ እባክህ!» ብዬ ነበር የማልፈው። ግን ልናገር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ብረት በይጃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሥራ ውስጥ የሰው ነፍስ ያተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉ የከፋው ሥራዬ ነው። ተበላሽቶብኝ፣ ሰው እንዳያይብኝ በስቱኮ ሞልቼ አረንጓዴ ቀለም የቀባሁት።

ሳቁ፣ ችግር የለም። የሰፈራችን ሰውም ስቋል። እኔ ራሴ ግን ይሄን ነገር ሳወራ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ቀልዱ ያልቅብኛል። ቦታውን ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ።

ንጉሤ እባላለሁ። ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ተወለድኩ፤ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ብየዳ ማንም አላስተማረኝም። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ጋራዥ ነበር፤ በአጥሩ ቆርቆሮ ቀዳዳ እያጮለቅኩ ነው የለመድኩት። ያለ መነጽር እሳቱን ሳይ ውዬ ዓይኔ ሲያብጥ ድንች ቆርጬ ዓይኔ ላይ አስሬ እተኛለሁ፤ በማግስቱ ተመልሼ እዚያው ቀዳዳ። እንዲህ ተምሬ ከአስተማሪዎቼ በለጥኩ፤ እነሱ እያስተማሩኝ እንደሆነ ባያውቁም። ከጠመንጃ ያዥ እስከ አብነት ስትሄዱ ጠበቅ ያለ በር ካያችሁ የኔ ነው፤ ላላ ያለ ካያችሁ የሌላ ሰው ነው። ሌባ የኔን የመስኮት ፍርግርግ ሲያይ ሰላም ብሎ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ነበር የማወራው። ሻይ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ የዕድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር።

ወንዝ ዳር ቤት አለኝ ስል የማያውቀኝ ሰው ዓሣ እየጠበስኩ የምኖር ይመስለዋል። የኛ ወንዝ ዓሣ የለውም። በጋ ላይ ሱሪያችሁን ሳታጥፉ የምትዘሉት ጥቁር ውሃ ነው፤ ሽታውን እኛ ለምደነዋል፣ እንግዳ ነው አፍንጫውን የሚይዘው። ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ይሆናል። ጎማ፣ ግንድ፣ የተሰበረ ፍሪጅ፣ አንዴ እንዲያውም የሰው አጥር ከነ በሩ ይዞ ሲያልፍ አይቻለሁ። የሚገርመው እኛ ላይ ጠብ ሳይል መምጣቱ ነው። እንጦጦ ላይ ይዘንባል፤ እኛ ፀሐይ እየሞቅን እያለ ይደርሳል።

እኛ ወንዝ ዳር ያለን ሰዎች ደግሞ አንድ በሽታ አለብን። በጋ በመጣ ቁጥር ወንዙን እንገፋለን። አንዱ አንድ ሜትር ድንጋይ ይደረድራል፣ ሌላው አፈር ይደፋል፣ ከዚያ ቆርቆሮ ያቆማል፣ ከዚያ «ድሮም የኔ ነው» ይላል። እኔ በዚህም አንደኛ ነበርኩ። በአካባቢው ቤት ሲፈርስ ፍርስራሹን በጋሪ እያስመጣሁ፣ በሁለት በጋ ሦስት ሜትር ሞላሁ። ፊቱን በድንጋይ ገነባሁት፣ በፌሮ አሰርኩት፣ ላዩ ላይ የብየዳ ቤቴን አቆምኩ። «ወንዙን ሦስት ሜትር ቀማሁት» እያልኩ ለመጣ እንግዳ ሁሉ በእርምጃዬ እየለካሁ አሳያለሁ። ከወረዳ ሰዎች መጥተው «ይሄ ቦታ የውሃ መንገድ ነው፣ ተነሡ» ሲሉን ሻይ ጋብዤ አስቄ ሸኘኋቸው።

ከኔ ቀጥሎ፣ ቁልቁል፣ በአንድ ሰው ቁመት ዝቅ ብሎ የእማማ ዘይነባ ቤት ነበር። እማማ ዘይነባ ከወሎ በሙሽርነት መጥተው እዚያ ቤት የገቡ ሰው ናቸው። ባላቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አንዷ ዓረብ አገር፣ አንዱ ጅማ ናቸው። ብቻቸውን ቁጭ ብለው የሶላት ቆብ በኪሮሽ ይሠራሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው ብል አልዋሸሁም፤ እናቴ ሥራ ስትሄድ ለእሳቸው ነበር የምትተወኝ። መዳህ ስጀምር ወደ ወንዙ እንዳልሄድባቸው ወገቤን በሻሻቸው አስረው ጫፉን ከበሩ መቃን ጋር ይቋጥሩት ነበር አሉ። እንግዲህ እኔን ከዚህ ወንዝ መጀመሪያ ያዳነኝ ማን እንደሆነ ያዙልኝ።

አንድ ክረምት ሌባ በመስኮታቸው እጁን አስገብቶ ሬዲዮናቸውን ወሰደ። «ንጉሤ፣ ብረት ሥራልኝ» አሉኝ። የፊት ግድግዳቸው ብሎኬት ነው፣ ልጃቸው ያሠራላቸው፤ ጓሮው የድሮ ጭቃ ነው። ለመስኮቱ ፍርግርግ ሠራሁ፤ ለቤቱም አዲስ የላሜራ በር ገጠምኩ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች በሩ ወደ ውጪ እንዲከፈት አደረግኩት። «ቦታ አተረፍኩልዎት» ብዬ ጉራዬን ነፋሁ።

ፍርግርጉን ከመስኮቱ ብረት ጋር በአራቱ ማዕዘን መበየድ ነበረብኝ። ሦስቱ ቆንጆ ሆኑ። አራተኛው፣ በቀኝ በኩል ላይኛው፣ እምቢ አለኝ። መብራቱ ይሄዳል ይመጣል፤ ኤሌክትሮዱ ካርቶኑ ክፍት አድሮ እርጥበት ገብቶታል፤ ብየዳው እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ኳስ ሊጀመር ደግሞ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ምን ላድርግ? ቀዳዳውን በስቱኮ ሞላሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ቀለም ቀባሁት። ነገ መጥቼ አስተካክለዋለሁ አልኩ። እማማ ዘይነባ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ። ነገ ሁለት ዓመት ሆነ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ማዕዘን ላይ ነበር። ከኔና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

በግንቡ የተነሳ ደግሞ ተኳረፍን። አንድ ቀን ጓሮ ቆመው ጠሩኝ።

«ንጉሤ፣ ወንዙን ወደኔ ገፋኸው እኮ።»

«እማማ፣ ወንዝ ነው እንጂ አልጋ አይደል፣ የት ይገፋል?»

«ድሮ እዚያች ድንጋይ ጋ ነበር የሚዞረው። አሁን ጓሮዬ ድረስ መጥቶ ነው የሚዞረው። ጎመኔን በላው።»

«ጎመን ለወንዝም ጤና ነው!»

ያስቃል ብዬ ነበር። አልሳቁም። «አንተ ሁሉን ነገር ቀልድ ታደርገዋለህ። የተቀማ ነገር አያምርብህም» ብለው ገቡ። ሁለት ወር አልተነጋገርንም። እንደዚያም ሆኖ ለዒድ ዳቦ ልከውልናል። ባለቤቴ አልማዝ ዳቦውን እየቆረሰች «አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ» አለችኝ። በአፌ ሙሉ ዳቦ ይዤ «እኔ ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

ነሐሴ ነው፤ ግን ፀሐይዋ የበጋ ፀሐይ ነበረች። ምሳ በልቻለሁ፤ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ስለዚህ ብየዳ ቤቴ ውስጥ የአንድ ደንበኛ በር በፋይል እየሞረድኩ ነው። እማማ ዘይነባ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሳቸው ቤት ወደኔ በምትወጣው ቅያስ መጥተው ቆሙ። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«ንጉሤ።»

«አቤት እማማ!»

«ውሃው ዛሬ ቀልቷል። አፈር አፈር ይሸታል።»

«ከቀላማ ወጥ እንሥራበት!»

«እኔ እንጃ ልጄ። በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።»

«እማማ፣ ይሄ ግንብ እያለ? ውሃው አስፈቅዶኝ ነው የሚያልፈው። ይልቅ ይግቡና ሶላትዎን ይስገዱ። በሩን ደግሞ ይቀርቅሩት፣ ሌባ በዝቷል።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ወርደው ገቡ፤ መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማሁት። ይግቡ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ይቀርቅሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ይሄን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔው ነኝ የምናገረው።

ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ቢያልፍ ነው። መጀመሪያ ድምፅ ሰማሁ። የተጫነ ሲኖትራክ ዳገት ሲወጣ እንደሚያሰማው ዓይነት፤ ግን በዚያ በኩል መንገድ የለም። ፋይሉን አስቀምጬ ወደ ወንዙ ስመለከት የመጣው ውሃ አልነበረም፤ ጭቃ ነበር፣ ግንድ ነበር፣ ጎማ ነበር፣ ቆሞ የሚሄድ ነገር። ግንቤን በትከሻው ገፋው። ከእግሬ በታች ወለሉ ሲሰነጠቅ አየሁ፤ ስንጥቁ ከበሩ ተነስቶ በእግሮቼ መሀል አለፈ።

«አንተ ሰውዬ ውጣ! ግንብህ ሄደ!» አልማዝ ናት። በኮሌታዬ ጎትታ አወጣችኝ። ዞር ስል የብየዳ ማሽኔ ገመዱን እየጎተተ ወደ ውሃው ገባ። ሁለት በጋ ከደረደርኩት ሦስት ሜትር ሁለቱ ሻይ ለመጠጣት በሚበቃ ጊዜ ውስጥ አለቀ።

ችግሩ ድንጋዩ ወንዙ ውስጥ ገብቶ አለመቅረቱ ነው። ውሃው የኔን ግንብ ድንጋይና ፍርስራሽ በሁለታችን ቤት መሀል ባለችው ክፍተት ጠርጎ ቁልቁል ወሰደው፤ ወስዶም እማማ ዘይነባ በር ላይ ከመረው። እኔ ወደ ውጪ እንዲከፈት የሠራሁት በር ላይ።

አልማዝ ነች መጀመሪያ የጮኸችው። «እማማ ዘይነባስ?»

በቅያሷ ወረድን። ውሃው ጭኔ ይደርሳል፤ ይጎትታል። የበሩ ግማሽ ድረስ ድንጋይና ጭቃ ተቆልሏል፤ በእጅ የሚነሣ አይደለም። እማማ ዘይነባ መስኮቱ ላይ ነበሩ። አልጋው ላይ ወጥተው ቆመው ፍርግርጉን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ክፍሉ ውስጥ ውሃው ይሽከረከራል፤ የጓሮው ጭቃ ግድግዳ ተበስቶ እየገባ ነው። አልጋው ላይ ቆመውም ወገባቸው ድረስ ደርሷል።

«አብሽሩ እማማ! አለን!» ያለው ከድር ነው። ከድር ቅያሷ አፍ ላይ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ጉልበተኛ ነው፤ ዲጂኖ ይዞ መጣ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ መኩሪያም የዕድሩን ድንኳን ገመድ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው ደረሱ፤ ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፣ ሱሪያቸውን እንኳ አላጠፉም። ሌሎችም ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዱ «የጣሪያውን ቆርቆሮ እንንቀል» ብሎ ግድግዳው ላይ እጁን ሲያሳርፍ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ተወው።

«ግራይንደር!» አለ ከድር። «ንጉሤ፣ ግራይንደርህ የታለ?»

«መብራት የለም እኮ!»

«በል እንግዲህ!» አለና ዲጂኖውን በግራ ታችኛው ማዕዘን ሰክቶ ተንጠለጠለበት። ሁለት ሰዎች አገዙት። ፍርግርጉ ንቅንቅ አላለም። ያ ማዕዘን የኔ ምርጥ ብየዳ ነው። ደግመው ሞከሩ። ዲጂኖው ተንሸራቶ ከድር ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ጭቃውን ከፊቱ ጠርጎ እንዲህ አለ፦

«የንጉሤ ሥራ ነው እኮ ይሄ! የት ይነቀላል!»

ይኸውላችሁ፣ ቀልዱ የሚያልቅብኝ እዚህ ጋ ነው።

በዚያ ጭንቅ መሀል፣ ሰው ሊሞት ሲል፣ ከድር ስለ ሥራዬ የተናገረው ነገር ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ዓይኔ ወደ ቀኝ ላይኛው ማዕዘን ሄደ። ስቱኮው እዚያ ነው። አንድ ቃል ብናገር ያልቃል። ግን ሃያ ሰው ቆሟል፤ ሃያውም ቤት የኔ በር አለ። «ስቱኮ ነው» ካልኩ ነገ እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ገብቶ በሩን በጥፍሩ ይፍቃል። ከዚያ የባሰ አሰብኩ፤ ዲጂኖውን ከከድር ተቀብዬ፣ እኔው ማዕዘኑ ላይ ሰክቼ፣ በጉልበቴ የነቀልኩት ላስመስል? ስቱኮው ሲረግፍ ያዩታል? ጭቃ መስሎ ያልፋል? እንዲህ እያልኩ ሒሳብ እሠራ ነበር። ያሳደጉኝ ሴትዮ ውሃ ውስጥ ቆመው።

ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም አልኩ።

እማማ ዘይነባ አንድ እጃቸውን ከፍርግርጉ አነሱ። ከብብታቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አውጥተው በብረቶቹ መሀል አሾልከው ሰጡኝ። ቁርኣናቸው ነው። ለከድር አልሰጡም፤ ለኔ።

«ይሄን እርጥበት እንዳይነካው» አሉ። ከዚያ ጣቴን ያዙኝ። «ንጉሤ፣ አፉ በለኝ።»

አፉ በለኝ ማለት ይቅር በለኝ ማለት ነው። ሰው ሩቅ አገር ሊሄድ ሲል፣ ወይ ደግሞ ሊሞት ሲል፣ ጎረቤቱን የሚጠይቀው ነው።

«ምን አድርገውኝ ነው እማማ?»

«በግንቡ ነገር ክፉ ተናግሬህ ነበር። ልብህ ላይ እንዳይቀር። አፉ በለኝ።»

ውሃው ደረታቸው ጋ ደርሷል።

«ቀኙ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «ከድር! ቀኝ ላይኛው! እሱ አልተበየደም! ስቱኮ ነው! ስቱኮ ነው የሞላሁት!»

ከድር ዞሮ አየኝ። አስተያየቱን እስከምሞት አልረሳውም። ግን ዲጂኖውን አንስቶ እዚያ ሰካው። ስቱኮው እንደ ብስኩት ረገፈ። ቋ ብሎ ለቀቀ። ከዚያ ሁላችንም በእጃችን ያዝነው፤ ሦስቱ ማዕዘን አልነቀል አለ፤ ግን ፍርግርጉ ከለቀቀው ጥግ ጀምሮ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ወደኛ ታጠፈ። ትንሽ ታጠፈ። እማማ ዘይነባ ቀጭን ሴት ናቸው፤ በቃቸው።

«ገመዱን ወገባቸው ላይ!» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ገመዱ ወፍራም ነው፣ ለድንኳን ነው፤ ውሃ ነክቶት ወገባቸው ላይ አልቋጠር አለኝ። እማማ ዘይነባ ሻሻቸውን ፈተው ሰጡኝ። በሱ ወገባቸውን አሰርኩ፤ የሻሹን ጫፍ ከገመዱ ጋር ቋጠርኩ። በጭንቅላታቸው በኩል አወጣናቸው፤ ትከሻቸውን ብረቱ ቦጨቀው። ከድር ተሸክሟቸው በቅያሷ ሽቅብ ወጣ። ጋሽ መኩሪያ ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሷቸው። ቁልፉን እየቆለፉላቸው ሳለ ከታች «ድም!» የሚል ሰማን። የጓሮው ግድግዳ ነበር። ጣሪያው አንዴ ተነፈሰ፤ ከዚያ ቤቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ወንዙ ገባ። ሙሽራ ሆነው የገቡበት ቤት። የቀረው ብሎኬቱ ግድግዳ ነው፤ ላዩ ላይ የኔ በር ተዘግቶ ቆሞ።

ፀሐይ ወጥታ ነበር እኮ። ያን ቀን ሙሉ ፀሐይ ነበረች።

ሰፈሩ የዕድሩ አዳራሽ ውስጥ ተጠለለ። ሰው ነፍሱ መለስ ሲል መቀለድ ጀመረ፤ እኛ እንዲህ ነን። ጋሽ መኩሪያ «ንጉሤ፣ ሁሉንም ቤት እንደዚያ ማዕዘን ብትበይድልን ምን ነበረበት?» አሉኝ። ከድር ከዚያን ቀን ጀምሮ «ስቱኮ» ይለኛል። አሁን ሰፈሩ በሙሉ ስቱኮ ነው የሚለኝ፤ የወረዳ ሰዎች ሳይቀሩ። ዕድሉን አግኝቼ እኔም ማጋነን ጀምሬ ነበር፤ «አውቄ ነው የተውኩት፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ብዬ» እያልኩ። ሰዉ ይስቃል። አልማዝ አትስቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን እማማ ዘይነባ አዳራሹ ጥግ ፍራሽ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከድር በገዛላቸው ክር አዲስ ቆብ ጀምረው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ንገረኝ።»

«ያን ጊዜ… ከድር በግራ በኩል ሲታገል… ቶሎ አልተናገርኩም። አውቅ ነበር፤ ግን ቶሎ አልተናገርኩም።»

ኪሮሹ አልቆመም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«አንተ ከውጪ ነበርክ፣ እኔ ከውስጥ። ፊትህን ከኔ በላይ ማን አየው? ዓይንህ እዚያ ጥግ ይሄዳል ይመለሳል፣ ይሄዳል ይመለሳል። ይሄ ልጅ አንድ የደበቀው ነገር አለ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጮሁብኝም?»

«ልጅ ሆነህም ዕቃ ሰብረህ ሲጮሁብህ ጭራሽ አፍህ ይዘጋ ነበር። ቀስ ሲሉህ ነው የምትናገረው።» ክሩን ሳብ አደረጉ። «እኔስ አፉ በለኝ አልኩህ። አንተ እስካሁን አላልከኝም።»

«አፉ ብያለሁ እማማ» አልኩ። ከዚያ እኔም «አፉ ይበሉኝ» አልኳቸው። ያሉኝ ነገር በኔና በሳቸው መካከል ይቅር።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይሄ ነገር ምን ለወጠህ ብትሉኝ፣ ቅዱስ አልሆንኩም፤ ጉራዬም አልጠፋም፤ ይኸው እየነፋሁ ነው። ግን ከግንቡ የተረፈውን አንድ ሜትር ከድርና እኔ በዲጂኖ አፍርሰን ለወንዙ መለስንለት። በዚያው በጋ አንድ ጎረቤት አየኝና «አበድክ እንዴ? ሰው ይጨምራል አንተ ትቀንሳለህ?» አለኝ። የዘንድሮ ክረምት ውሃው ወደ ድሮዋ ድንጋይ ተመልሶ ሲዞር ግን መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ውሃው ሲዞር አብረን አየን።

ከዚያ ሌላ ማሽን ተውሼ የበየድኩባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ዞርኩ። በር ሳንኳኳ «ስቱኮ መጣ!» እያሉ ነበር የሚከፍቱልኝ። የደበቅኩትን ሁሉ አሳየኋቸው፤ ሰባት ቦታ ነው፤ እናንተ ካሰባችሁት ያንሳል፣ እኔ ካሰብኩት ይበልጣል። አሁን የመስኮት ፍርግርግ ስሠራ አንዱን በማጠፊያ ነው የምሠራው፤ ከውስጥ የሚከፈት ሆኖ፣ ቁልፉ ከጎኑ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። በሩንም ጠባብ ቢሆን ወደ ውስጥ እንዲከፈት እነግራቸዋለሁ። እናንተም ወንዝ ዳር ካላችሁ ይሄን አንብባችሁ ስትጨርሱ ተነሡና ቤታችሁን ዙሩ። ውሃ ሲመጣ በየት እንደምትወጡ እዩ። ጎናችሁ ደካማ ሰው ካለ የሳቸውንም እዩ። የቀማችሁት ሜትር ካለም የት ጎረቤት ላይ እንደተገፋ እዩ።

አላመናችሁኝም አይደል? ጥሩ። ጌጃ ሰፈር ኑና «የስቱኮ ቤት የት ነው?» በሉ፤ ማንም ያሳያችኋል። ከድርን ሱቁ ጠይቁት፤ ዲጂኖው አሁንም ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ ተደግፎ አለ፤ ካላሳያችሁ ጉድ በሉኝ። ጋሽ መኩሪያን ጠይቋቸው፤ ካፖርታቸው ላይ ጭቃው እስካሁን አለ፤ አይታጠብም ብለዋል። አልማዝን ጠይቋት፤ እሷ ለኔ ብላ አትዋሽም።

ከዚያ ወደ ቤቴ ግቡ። የቅያሷ በኩል ክፍል አሁን የእማማ ዘይነባ ናት። መስኮቷ ላይ የሠራሁት ፍርግርግ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ከምስማሩ አውርደው ከፍተው ይሞክሩታል፤ ከዚያ ነው ቆባቸውን የሚጀምሩት። ተቀመጡና «ያን ቀን ንጉሤ ስንት ትንፋሽ ዝም አለ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። እኔ ሦስት ነው ብያችኋለሁ። እሳቸው ሌላ ቁጥር ይነግሯችኋል። የሳቸውን እመኑ።